ስበረውም ተወውም አላልኩትም

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ሳምንት ማታ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፤ የ12 ዓመት ልጅ አባት ሆኗል። «ቲቸር፣ አመሸሁብዎት፤ አንድ ነገር ላማክርዎት ነው» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ከቤታቸው ፊኒሺንግ የተረፈ፣ የመብራት ሽቦ የሚገባበት ፒቪሲ ቱቦ አገኘ። አንድ ሜትር ያህል ቆረጠ። ወረቀት እንደ ቆሎ መጠቅለያ አሾለና ጫፉ ላይ የልብስ መርፌ በፕላስተር አጣበቀ። ከዚያ በቱቦው አንድ ጫፍ ከትቶ እፍ! መጀመሪያ ካርቶን ላይ። ቀጥሎ በረንዳው ብረት ላይ ያረፈች ርግብ ላይ። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር የነፋት ፍላጻ፣ ታች ልብስ የሚያሰጡ ጎረቤት አጠገብ፣ ከክንዳቸው አንድ ስንዝር ርቃ አንሶላው ላይ ተሰካች።

ሴትዮዋ መርፌዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው ደረጃውን ወጡ። የቀረውን መገመት አያቅታችሁም። የብሎኩ ኮሚቴ ተጠራ፤ አባት ይቅርታ ጠየቀ፤ ልጅ አለቀሰ። «እና ቲቸር፣ ሰብሬ ልጣለው ወይስ ልጅነት ነው ብዬ ልተወው?»

«እሑድ እመጣለሁ፣ እስከዚያ አትስበረው፣ ቆልፍበት» አልኩት።

በማግስቱ ገርጂ ከምንሰበሰብበት ቡና ቤት ለጓደኞቼ ባወራላቸው ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ «መስበር ነው እንጂ ምን ያማክራል» አለ። ግማሹ «እኛስ ወንጭፍ ይዘን አላደግንም ወይ? ዛሬ ልጅ ከስልክ ተላቆ በእጁ ዕቃ ሠርቶ ተገኘ ብለን ደስ አይለንም?» አለ። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማሉ ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መጀመሪያ ስለራሴ ጥፋት። ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ። ቀለሙን መዘዝ፣ ወረቀት ማኘክ፣ ማንጠር፣ የፊተኛውን ልጅ ማጅራት ማጠብ። እኔ ወደ ሰሌዳ በዞርኩ ቁጥር ቱፍ፣ ቱፍ ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንዳንዴ ሳቄን ለመደበቅ ነበር ፊቴን የማላዞረው። ከዕለታት አንድ ቀን አንዱ በወረቀት ፋንታ ስፒል ከተተበት። የልጁ ግራ ዓይን። ዓይኑ ተረፈ፣ እይታው ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። የነፋው ልጅ ክፉ አልነበረም። ወረቀቱ አላደርስ ስላለው ብቻ ከባድ ነገር ፈልጎ ነው። በማግስቱ ቦርሳ ሁሉ ፈተሽን፣ ቀፎ በካርቶን ሰበሰብን፣ ተቆጣን፣ ወላጅ አስጠራን። ወር ሳይሞላ ነገሩ በለስላሳ መጠጫ ስትሮው ተመልሶ መጣ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ከልክለን ነበር፣ አላስተማርንም። እኔ የፊዚክስ መምህር ሆኜ ያቺ ቀፎ ምን ያህል እንደምትመታ አንድም ቀን ሰሌዳ ላይ አስልቼ አላሳየሁም።

እንግዲህ ከዘገየም ይሻላል፣ ዛሬ እናስላው። አትሽሹ፣ ቀላል ነው።

አዋቂ ሰው አጥብቆ ሲነፋ አፉ ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት 10 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይደርሳል። የልጁ ቱቦ የውስጥ ስፋት 13 ሚሊ ሜትር ነው እንበል፤ የቀዳዳው ስፋት 1.3 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለቱን ስናባዛ ፍላጻውን ከኋላ የሚገፋው ኃይል 1.3 ኒውተን ነው። ይህ 130 ግራም ዕቃ መዳፍህ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማህ ክብደት ነው፤ ምንም አይደለም ትላለህ። ነገር ግን ይህ ግፊት አንድ ሜትር ሙሉ አብሮት ይሮጣል። የቱቦው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ቢክ ቀፎ ውስጥ ትንፋሹ የሚገፋው ለአንድ ስንዝር ነው፤ እዚህ ለአንድ ሜትር። በጎን የሚያመልጠውንና ሰበቃ የሚበላውን ቀንሰን 1 ጁል ቀረ እንበል። ፍላጻው 2 ግራም ቢመዝን በሰከንድ 31 ሜትር ገደማ ይወጣል። በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ቀለበት መንገድ ላይ በዚህ ፍጥነት የሚነዳ ሰው ብታዩ ምን ትሉታላችሁ?

1 ጁል ብቻውን ትንሽ ነው። 100 ግራም ዕቃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ያው 1 ጁል ነው፤ እግርህ ላይ ቢወድቅ «እህ» ብለህ ታልፈዋለህ። ያ ሁሉ ግን መርፌ ጫፍ ላይ ሲሰበሰብ ሌላ ነገር ነው። ቆዳ ይበሳል። ዓይን ደግሞ የሚከላከልለት አጥንት ከፊቱ የለውም። ስለዚህ «ስበረው» የምትሉት ወዳጆቼ፣ ፍርሃታችሁ የባልቴት ፍርሃት አይደለም፤ ሒሳቡ ከእናንተ ጋር ነው። ልጅ እንደ አዋቂ ባይነፋም ለዓይን የሚበቃውን ያህል ይነፋል።

ሌላም አደጋ አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ልጅ ከመንፋቱ በፊት አየር ይስባል። ቱቦውን አፉ ላይ እንደያዘ ከሳበ ፍላጻው ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጉሮሮው ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ አደኑ ልምጣ፤ የልጁ ጉዳይ ርግብ ላይ ደርሷልና።

በትንፋሽ ቱቦ ማደን የጫካ ሕዝቦች ጥበብ ነው። የቦርኒዮ ሰዎች ጠንካራ እንጨት ሰርስረው ሁለት ሜትር የሚደርስ ቱቦ ይሠራሉ። በአማዞን ደን ከዚያም የሚረዝም አለ። በሰሜን አሜሪካ ቸሮኪዎች በወንዝ ዳር ሸምበቆ ይጠቀማሉ፤ የፍላጻውን ጅራት ከእሾሃም አበባ ብናኝ ያበጁታል። ለምን ጫካ ውስጥ? አንደኛ፣ ድምፅ የለውም፤ ዛፍ ላይ ካሉት አንዱ ሲመታ ሌሎቹ አይበረግጉም። ሁለተኛ፣ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ረጅም ቀስት መሳብ አይመችም፤ ነፋስም ቀላሏን ፍላጻ አያስታትም። ሦስተኛውና ዋናው ግን መርዙ ነው። ከትንሽ ወፍ ተለቅ ያለውን እንስሳ የሚጥለው ፍላጻው ሳይሆን ፍላጻው ላይ የተቀባው ነው። በአማዞን ኩራሬ ጡንቻን አልፈስፍሶ ያወርዳል። በነገራችን ላይ ይኸው ኩራሬ በ1942 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሞንትሪያል ሆስፒታል ገብቶ የማደንዘዣ ሕክምናን ቀይሯል። ዛሬ ኦፕራሲዮን ላይ ጡንቻ የሚያላሉት መድኃኒቶች መንገዳቸው ከዚያ የጫካ ቱቦ ይጀምራል።

እኛ አገርስ? የሚገርመው፣ ለዚህ የሚሆነው ዕቃ ሁሉ ነበረን። ቦርኒዮዎች መርዝ የሚቀዱበት የዛፍ ዝርያ፣ አንቲያሪስ የሚባለው፣ በደቡብ ምዕራብ ጫካችን ውስጥ ይበቅላል። ምረንዝ የምንለው ዛፍ መርዝ ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ለቀስት የታወቀ ነው። ከዚያ ወገን ዛፎች የሚገኘው፣ ልብ የሚያቆመው ኬሚካል በዓለም መድኃኒት መጻሕፍት «ኡዋባይን» ተብሎ የተጻፈው «ዋባዮ» ከሚለው የሶማልኛ ቃል ተወስዶ ነው። ቱቦውም አለን። የቆላው ሽመል ውስጡ ድፍን ነው፣ ለዱላ ነው የሚሆነው፤ የደጋው ቀርከሃ ግን ባዶ ነው። ሆኖም የአገራችን አዳኝ ጦርና ቀስት ያዘ፣ እረኛው ወንጭፍ። ባዶውን ሸምበቆና ቀርከሃ ለዋሽንትና ለእምቢልታ ነው የነፋንበት። ለዚህ መሣሪያ የተለመደ የአማርኛ ስም እንኳ ሰምቼ አላውቅም፤ «የትንፋሽ ቱቦ» የምለው እኔው ነኝ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለወሬ አይደለም። ያለ መርዝ፣ ያለ ጫካ፣ ያለ ዓመታት ልምድ፣ ሰሚት በረንዳ ላይ ቆሞ ርግብ መንፋት አደን አይደለም ለማለት ነው። 1 ጁል ያላት መርፌ ርግብ ብታገኝ ብዙ ጊዜ አትገድላትም፤ ትሰካባታለች። ርግቧ መርፌዋን ይዛ ትበራለች። አዳኝ የሚባል ሰው፣ የየትኛውም አገር ሰው ይሁን፣ የመታውን ሳያገኝ አያድርም። በረንዳ ላይ የቆመ ልጅ የመታውን ፍለጋ የት ይሄዳል?

ሕጉም አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። «የዱር እንስሳ» ሲባል አንበሳና ዋልያ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ወፎችም እዚያው ውስጥ ናቸው። ደግሞ እነማን ናቸው ብላችሁ ነው? ከአንገቷ ጀርባ ነጭ ምልክት ያላት፣ ጣሪያችሁ ላይ የምታዩዋት ግራጫ ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በዓለም ላይ የትም አትገኝም። ጠዋት ጠዋት ሮቶው ላይ ቆሞ የሚጮኸው፣ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ጋጋኖም እንደዚሁ። ሰው ከአውሮፓ ትኬት ቆርጦ፣ ቦሌ አርፎ፣ መነፅር አንጠልጥሎ የሚያያትን ወፍ እኛ ከመኝታ ቤት መስኮት በመርፌ መንፋት ደግ አይደለም።

እሺ፣ እንግዲያው ስበሩት ልል ነው? አይደለም።

ያው ቱቦ ሌላ ቦታ ሌላ ኑሮ አለው። ጃፓኖች «ፉኪያ» ብለው ስፖርት አድርገውታል፤ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማኅበር አለው። 120 ሴንቲ ሜትር ቱቦ፣ እስከ 10 ሜትር ርቀት፣ በአንድ ዙር 5 ፍላጻ። አዛውንቶች ሳይቀሩ ለትንፋሽ ይጠቅማል ብለው ይጫወቱታል። በአንፃሩ ካናዳም እንግሊዝም ይዞ መገኘትን ከልክለዋል። የእንስሳት ሐኪሞች ደግሞ በያገሩ ማደንዘዣ የያዘ መርፌ በዚሁ ቱቦ እየነፉ፣ ሊቀርቡት የማይቻለውን እንስሳ አስተኝተው ያክማሉ። አንድ ቱቦ፣ አንዱ ጋ ወንጀል፣ አንዱ ጋ ስፖርት፣ አንዱ ጋ ሕክምና። ልዩነቱ ማን፣ የት፣ ወደ ምን ይነፋል የሚለው ነው። እኛ ለልጆቻችን ያልመለስነው ጥያቄም ይኸው ነው።

«የት» የሚለው ይበልጥ ያንገበግበኛል። እኔ ያደግሁት ኮተቤ ነው። ከመነዳሪ ቆርጠን፣ ባላ መርጠን፣ ወንጭፍ ሠርተን ቆርቆሮ የምንመታበት ሜዳ ነበረን። ብንስት ድንጋያችን የሚያርፈው እርሻ ላይ ነው። (ወፍም መትተናል፤ አልዋሽም። አልኮራበትም።) ዛሬ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ፣ ከሰሚት እስከ አያትና ጎሮ ድረስ ያ ሜዳ ብሎክ ሆኗል። ቤት የሌለው ቤት አገኘ፣ እሰየው ነው፤ ሜዳውን መልሱ አልልም። ግን ልጁ የተረፈው ኮሪደር፣ ደረጃና የመኪና ማቆሚያ ነው። የሳተው ሁሉ የሚያርፈው ሰው ላይ ነው። ጎረቤትየው አንሶላ ላይ የተሰካችው መርፌ የልጁ ጥፋት ናት፤ ትንሽ ግን የኛም ናት።

እሑድ ሄድኩ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቱቦውን አመጣልኝ። እውነት ለመናገር ጥሩ ሠርቶታል። ጫፉን በአሸዋ ወረቀት አለስልሶታል፤ የፍላጻውን ወረቀት ከቱቦው ቀዳዳ ጋር ልክ አድርጎ ቆርጦታል፤ ክብደቱን ወደ ፊት አምጥቶታል። ማን አስተማረህ ብለው «ወደ ኋላ ሲከብድ ይገለበጣል፣ ሞክሬ ነው» አለኝ። እኔ ይህን ለማስተማር አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር።

አባቱ ሻይ ሊያመጣ ሲነሳ ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ አንዷን መትቻት ነበር። ከነመርፌው በረረች። የት ሄዳ ይሆን?»

ምን ይባላል? «አታስብ፣ ወድቆላታል» ብለው ያርፍ ነበር። አላልኩትም። «ምናልባት ጣሪያ ላይ ሞታለች» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። የትኛውም ቁጣና የትኛውም ኮሚቴ እንዲህ ዝም አላሰኘውም። ዕቃውን ከሰበርነው ይህ ጥያቄ አብሮ ይሰበራል፤ ልጁ የሚማረው «በሚቀጥለው ደብቀህ ያዝ» የሚለውን ነው። ከተውነውም ጥያቄው በልምድ ይደፈናል፤ አሥረኛዋ ርግብ ላይ አይጠይቅም። የኔ ሐሳብ ተጠቅልሎ ይኸው ነው፤ ቱቦውን ለልጁ ተዉለት፣ ሕይወት ያለውን ዒላማ ግን ውሰዱበት፣ በምትኩ ቦታና ሕግ ስጡት።

የሰጠነው ሕግ ይህ ነው፤ ለሚፈልግ ወላጅ ላስቀምጠው።

መርፌ፣ ስፒል፣ ሚስማር የለም። በምትኩ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ እንጨት ወረቀቱ ላይ ይሰካል። ጥጡን ቀለም ነክሮ ቢነፋ ካርቶኑ ላይ ነጥብ ይተዋል፤ ውጤት መቁጠሪያም ሆነ። (ይህም ዓይን ይጎዳል፣ እንዳትዘናጉ።)

አየር የሚሳበው ቱቦው ከአፍ ርቆ ነው። መጀመሪያ ሳብ፣ ከዚያ አፍህ ላይ አድርግ፣ ከዚያ ንፋ።

ዒላማው ከደፍን ግድግዳ ፊት ብቻ ነው፤ ከኮሪደር፣ ከበረንዳ፣ ከመስኮት ፈጽሞ። ተኳሾች ሁሉ አንድ መስመር ላይ ይቆማሉ፤ ሁሉም ጨርሶ ቱቦውን መሬት ሳያስቀምጥ ፍላጻ ለማንሳት ማንም ከመስመሩ አያልፍም።

አንድ ቱቦ ለአንድ ሰው። ሳል፣ ጉንፋን፣ ቲቢ ባለበት ከተማ አፍ የነካውን መቀባበል አይገባም።

ትልቅ ሰው ካልቆመ ቱቦው ከቁልፍ ሳጥን አይወጣም።

ከብሎኩ ጀርባ መስኮት የሌለው ግድግዳ አገኘን። ካርቶን ሰቀልን፣ በከሰል ክብ ሠራንበት፣ 6 እርምጃ ቆጠርን። ከአምስት ሦስት አገባ። አባቱ ከአምስት አንድ። እኔ የነፋሁት የት እንደሄደ አትጠይቁኝ።

ከዚያ በፊት ግን ልጁን ይዘን ወደ ጎረቤትየው በር ሄደን ነበር። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ይቅር ብያለሁ» አሉት። ሕጋችንን ሁሉ ነገርኳቸው፤ በትዕግሥት ሰሙኝ። ሲጨርሱ «ጋሼ፣ እርስዎ አስተማሪ ነዎት፣ ያውቃሉ። እኔ ግን አሁንም ቢሰበር ነው የምወደው። እርስዎ እሑድ መጥተው ይሄዳሉ፤ እኔ እዚህ ልብስ አሰጣለሁ» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ያነሱት ነገር እውነት ነው። ስለዚህ ለልጁ በፊታቸው አንድ ነገር ተናገርኩ፤ ቱቦው አንድ ቀን፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ግድግዳ ውጭ ወደ ሌላ ነገር ቢነፋ የሚሰብረው እኔ ነኝ፣ ሰሚት ድረስ መጥቼ። ከሕጎቹ ሁሉ ልጁ በደንብ የያዘው ይህን ይመስለኛል። አባትየውም ከያዘው እሰየው፤ ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ነውና።

ከመካከላችሁ ወላጅ የሆናችሁ፣ በየብሎኩ ኮሚቴ ያላችሁ፦ ከሕንፃችሁ ጀርባ መስኮት የሌለው አንድ ግድግዳ ፈልጉ። ለቱቦም ይሁን ለኳስ፣ ልጆች መሳት የሚችሉበት ቦታ ይሁን። በተረፈ የማትስማሙ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ፣ እመልሳለሁም። በክፍል ውስጥ ቀፎ ስትነፉ የነበራችሁ ደግሞ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። እኔም አውቃችኋለሁ።